የሚስተር ኦርቪል ሰላምታ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ኅዳር 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

እሌንዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ሹራቡ ደርሶሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። እዚህ በኅዳርም ፀሐይ ነው፤ ቀኑ እንደ እንቅልፍ ያልፋል።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። አባትሽ ለዓይኑ ሕክምና አንቺ ወዳለሽበት ፍራንክፈርት ሲገባ ኤርፖርት ሄደሽ እንደማትቀበዪው ጽፈሻል። «ጓደኞቼ በሚያልቁበት ዘመን እሱ በቀበሌው መድረክ ላይ ጎንበስ ቀና እያለ ካድሬ ያስቅ ነበር» ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ እኔም አይቻለሁ። አልከራከርሽም። እዚህ ተቀጥሬ የምጠብቃቸውን ሽማግሌ ነገር ብቻ ላጫውትሽ።

ሚስተር ኦርቪል ይባላሉ። ከፒኮ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። አብራኝ የምትኖረው ሸዋረጋ «አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ሽማግሌ ጧሪ ሆንሽ፤ እሱማ እዚያው ሞልቶልሽ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች። ሰውየው ፊልም መናገር ከመጀመሩ በፊት የሆሊውድ ኮሜዲያን ነበሩ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግተው፣ አሮጌውን ማሽን አስነስተው ፊልማቸውን ግድግዳው ላይ አሳዩኝ። ክፍሉ ውሃ ውስጥ የገባ መሰለ። ብርማ ብርሃን በአልጋው ላይ፣ በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ፣ በእጄም ላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ብብቱ ሥር ከተተ፤ አንገቱን ሰብሮ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለና ትሪውን በሁለት እጁ ለእመቤቲቱ አቀረበ።

«ጨዋ ነዎት፤ ያሳደጉዎት ሰዎች ይመስገኑ» አልኳቸው።

ማሽኑን አጠፉት። «ዘሪቱ፣ እዚህ ላይ እኮ ሰው የሚስቀው ነው» አሉኝ።

 አንገት ሰብሮ በሁለት እጅ ማቅረብ እንደሚያስቅ ከየት ልወቅ?

ሰላምታው የአባታቸው ነበር። አባታቸው ደቡብ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው አሮጊቶችን እንደዚያ ይቀበሉ ነበር። ልጅየው ፊልም ውስጥ አስገባው። አዘጋጁ «ዝቅ በል» አለ፤ ቀጥሎ «ቀስ በል»፤ ቀጥሎ «ከዚህም ዝቅ»። በመጨረሻ የአባትየው መሆኑ ቀረ። ነጮቹ ሳቁ። ጥቁሮቹም መጀመሪያ የእኛ ሰው ሸራው ላይ ወጣ ብለው ተሰልፈው አዩት፤ ልጆቻቸው ሲያድጉ አፈሩበት። አሁን ደግሞ ዊልሻየር ላይ ባለ አዳራሽ ፊልሙ ይታይ ሲባል ተማሪዎች ተጣልተዋል። ግማሾቹ «በሩን የከፈተልን እሱ ነው» ይላሉ። ግማሾቹ «ከፍቶ ለነጮቹ ያዘላቸው እንጂ» ይላሉ።

ይህን ሰምታ ልጃቸው ዶሪን ባለፈው ቅዳሜ መጣች። የእኔ እድሜ ናት። ስንት ዓመት ያልረገጠችው ቤት ነው፤ የመጣችውም ፊልሙን ወስዳ ልታቃጥለው ነው። በሩን ከፈትኩና እንደ ልማዴ እጅ ነሳሁ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ለኔ እንዲህ አታድርጊ። እሱ ነው ያስተማረሽ?»

«ኧረ እናቴ ናት» አልኳት።

«እናትሽም ኮሜዲያን ነበረች?»

«እናቴ እንኳን ልታስቅ፣ ራሷም አትስቅ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አየችኝ። «እስቲ ድገሚው» አለች። ደገምኩላት። ከዚያ ገባችና ኮቷን ሳታወልቅ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «አሳየኝ» አለቻቸው።

ፊልሙ ሲታይ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ወጣቱ ጎንበስ ማለት ሲጀምር «እዚህ ጋ አያቴ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ግን አይደለም።»

ሚስተር ኦርቪል በጨለማው ውስጥ «አዎ፣ እዚያ ጋ አይደለም» አሉ።

መጋረጃውን ሊከፍቱ ሲነሱ ክንዳቸውን ያዘችላቸው። ፊልሙን እንዳልወደደችው፣ ወደፊትም እንደማትወደው ነግራቸው ሄደች። ሳትወስደው ነው የሄደችው። እሁድ ስልክ ደወለች፤ ስለ ፊልሙ ሳይሆን እህል መብላታቸውን ልትጠይቅ።

አባትሽ ታኅሣሥ 3 ቀን ማለዳ ይገባል። ግራጫ ካፖርት ይለብሳል፤ አንገቱ ላይ የኔ የድሮ ሻርፕ ይኖራል፣ እስካሁን አልጣለውም አሉ። አሁን ፊት አይለይም። ማን እንደጠራው ስለማያይ ለጠራው ሁሉ ዝቅ ብሎ ሰላም ይላል። የመድረኩ አይምሰልሽ፤ ትምህርት ቤት ሲያደርስሽ ለአስተማሪዎችሽ ያደርገው የነበረው ነው። ያኔ ካድሬ የሚባል አልነበረም።

ሂጂ አላልኩሽም። ሹራቡ ግን ወፍራም ነው፤ ለማለዳ ብርድ ይሆናል።

በሄድሽበት በር የሚከፍትልሽ፣ ስምሽን አሳምሮ የሚጠራሽ ሰው አይጥፋ።

እናትሽ ዘሪቱ