የወረቀት ካፖርት

ሻንሺ፣ ሺጎው መንደር
ዐሥረኛዋ ጨረቃ በገባች ማግስት

ለምወድሽ ልጄ ለሱዌ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

የወንድምሽ የደሹን መርዶ የመጣ ቀን የጥጥ ካፖርቱን ተርትሬ ጥጡን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር። ከሥራ ቦታው የደወሉት ለሚስቱ ለሩዪን ነው። እሷ በር ላይ ቆማ ስትጮህ ነው የሰማሁት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ቀድማ ያለቀሰችለት እሷ። ይህን እስከ ዛሬ አልተውኩላትም።

ትናንት ብርድ ሳይጠና ለሙታን የወረቀት ልብስ የሚቃጠልበት ቀን ነበር። ወላጅ ለልጁ እንደማያቃጥል ታውቂያለሽ። አጎትሽም ደገመልኝ። "ሽበት ለጥቁር ጠጉር አይሰግድም፤ እዚያ ሸክም ይሆንበታል። ሚስቱ አለችለት" አለኝ።

አዎ፣ አለችለት። ከገበያ የወረቀት ልብስ ገዝታ መጣች።

"ይሄ ይጠበዋል" አልኳት።

"እማ፣ ወረቀት እኮ ነው። እዚያ ሲደርስ ይሰፋል።"

"ማን ያሰፋለታል? አንቺ?"

ልብሱን አጣጥፋ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ግን ተደብቄ ሠርቼለት ነበር። ሰማያዊ ወረቀት ቆርጬ፣ ትከሻውን ሰፋ አድርጌ፣ ውስጡን በዚያው በካፖርቱ ጥጥ ሞላሁት።

መንታ መንገዱ ላይ ሩዪን ሌላ ሙት እንዳይሻማው በአመድ ክብ አሰመረች፤ በመቃብሩ በኩል ክፍት ተወችለትና ስሙን ጠራች። ጠሪ ለሌላቸው ሙታንም እንደ ደንቡ ከክቡ ውጭ ጥቂት ወረቀት ጣለች። ለእነሱ ማንም ቢያቃጥል አይከለከልም። የሠራሁለትን የወረቀት ካፖርት ከጉያዬ አውጥቼ እዚያ ጣልኩት። ስም አልጠራሁም። ልጄ ከእነሱ ጋር ተሻምቶም ቢሆን ይውሰደው ብዬ ነው።

ሩዪን አየችው።

"እማ፣ ይሄማ የሱ ትከሻ ነው" አለችና እሳት ሳይነካው በመቆስቆሻ እንጨቷ ወደ ክቡ ውስጥ ሳበችው።

ማመስገን ነበረብኝ። ግን ትከሻውን እንደዚያ በዓይኗ መለየቷ አንገበገበኝ። እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ፤ አላስለቀቅኋትም።

ገና ልጅ ናት። ነገ ሌላ አግብታ ብትሄድ የምፈርድባት አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ክቡን ማን ያሰምርለታል? አንቺ ታናሹ ነሽ፣ አይከለከልሽም።

ሰማይ ይጠብቅሽ፤ ቤትሽ ሙቀት አይጣ። እባክሽ ስሙን ጥሪለት። ይህን ከአንቺ ጋር የሚያነቡም ለደሹን ይለምኑለት፤ ጠሪው ከበዛ መንገዱ አይጠፋውም።

እናትሽ