ዘጠኝ ሴንቲሜትር

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለኔ ረጅም፤

«እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ሦስተኛው ይሄ ነው። ደህና አይደለሁም። ልሞት ነው ማለቴ አይደለም፣ አትደንግጥ። የምትሠሩት ድልድይ ላይ ሆነህ ከሆነ የምታነበው ግን መጀመሪያ ውረድ። የምነግርህ ነገር መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ የሚነበብ ነው።

ልጅ የለም። አልነበረምም።

የኛን ስፌት ቤት ታውቀዋለህ፣ ሰባት ሴቶች ተጋፍተን የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋበት። አንድ ልማድ አለን። ከመካከላችን አንዷ ስትፀንስ አንጠይቃትም፣ እንኳን ደስ ያለሽም አንልም። ጠዋት ስትመጣ ወንበሯን ከስፌት መኪናዋ አንስተን መስኮቱ ስር አድርገነው ታገኘዋለች፣ በቃ። እስክትወልድ ድረስ ፔዳል አትረግጥም፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትለቅማለች። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የስንቷን ወንበር አንስቻለሁ መሰለህ!

ጥቅምት ላይ ወር አበባዬ ቀረ። ቀሚሴ ወገቡ ላይ ጠበበኝና ስፌቱን ፈትቼ አሰፋሁት። ክሊኒክ ሄጄ ብመረመር «እርግዝና የለም» አሉኝ። ምርመራም ይሳሳታል አልኩ ለራሴ። አንድ ቀን ጎኔን ወጋኝና መኪናው ላይ ድፍት አልኩ። በማግስቱ ስገባ ወንበሬ መስኮቱ ስር ነው።

ሄጄ ተቀመጥኩበት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። እናትህ ቀሚስ ሊያስጠግኑ መጥተው እዚያ ተቀምጬ አዩኝ። እሳቸው በጊዜያቸው እዚያው ሰፍተው አይደል ጡረታ የወጡት? ምንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። አቅፈውኝ አለቀሱ፣ በዚያው ቀን ለአንተ ደወሉልህ። አንተ ደግሞ እየሳቅክ ደወልክልኝ። አሥር ዓመት የጠበቅከውን ሳቅ በየትኛው አፌ ላቁመው?

ሕመሙ ሲበረታ ታኅሣሥ ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ቁጥብ፣ ወጣት ሴት ናት። በአልትራሳውንድ አየችኝ። ግራው እንቁላል ማምረቻዬ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፣ ሲስት ይሉታል። ያኔ ስድስት ሴንቲሜትር ነበር። «አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል፣ እንጠብቀው» አለችኝ። ጥር መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ሆነ። ለሌላ ሰው ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ እኔ ግን ዘጠኝ ሴንቲሜትር የትንሽ ልጅ የደረት ኪስ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስቆርጠው ነው የምውለው።

«ይውጣ ነው የምለው» አለችኝ። «ድንገት ከተጠመዘዘ ማምረቻውን ይገድለዋል። ያኔ ደግሞ በጥድፊያ ነው የምንከፍትሽ።»

«አሁንስ ብታወጡት?»

«ሲስቱን ብቻ ላወጣ እሞክራለሁ። ካልተቻለ ግን ግራው አብሮ ይወጣል። ክፉ ነገር አይመስለኝም፤ ወጥቶ ሳይመረመር ግን አልምልልሽም።»

«በቀኙ ይወለዳል?»

«የወለዱ ብዙ ናቸው። ለአንቺ ግን ቃል አልገባም። ሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ነው።»

አቤት፣ እቅጩን መናገር ስትችልበት! ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ።

የሚፈረመውን ወረቀት ሁለት ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ቢላዋ ፈርቼ ነው እል ነበር። ውሸት። የፈራሁት ሆዴ መጉደሉን ነው። ሲስቱ ሲወጣ ከመስኮቱ ስር እነሳለሁ፣ አንተም መሳቅህን ታቆማለህ። በሽታዬን እንደ ልጅ ታቅፌው ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ሲወጋኝ እጄን አድርጌበት «አይዞህ» እለው ነበር። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

ትናንት «መርፌ» የምንላት ቀጭኗ ባልደረባዬ መኪናዋ ላይ ሆና አፏን በጨርቅ ይዛ ሲያቅለሸልሻት አየኋት። ለካ ሦስት ወሯ ኖሯል። መስኮቱ ስር ደግሞ ከአንድ ወንበር በላይ አይገባም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንቺ እስክትገላገዪ ልታገስ ብዬ ነው። እኔማ ሦስተኛዬ ነው፤ አንቺ አሥር ዓመት ጠብቀሽ።»

ወንበሬን ብድግ አድርጌ ወደ መኪናዬ መለስኩት። «እርግዝና አይደለም፣ ሲስት ነው። ካወቅሁ ሰንብቻለሁ» አልኩ ለሁሉም። መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። መርፌ ግን ተነስታ ከፔዳሌ ላይ እግሬን አነሳችው። «የታመመስ ሰው አይደለም እንዴ?» አለች፣ ተቆጥታ።

ከዚያ በቀጥታ እናትህ ጋ ሄድኩ። ስጨርስ ፊታቸው ልውጥውጥ አለ። «እኔን ማታለልሽስ ይሁን፤ በገዛ ሕይወትሽ ትቀልጃለሽ?» ብለው ጮኹብኝ። እየተቆጡም ቢሆን ሆስፒታል የምለብሰውን መተኮስ ጀመሩ። ስለዚህ በእሳቸው በኩል አታስብ።

ፈርሜያለሁ። ማዳን ከተቻለ አድኑልኝ፣ ካልተቻለ ውሰዱት ብያለሁ። ሐሙስ ጠዋት ነው። ይሄን ደብዳቤ ነገ ሲሚንቶ ይዞ ወደ እናንተ በሚመጣው ሹፌር እጅ እልካለሁ፤ በስልክማ ድምፅህን ስሰማ መልሼ እንዳልዋሽህ ፈራሁ። እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው።

ገመድህን ሳታስር እንዳትወጣ። ፈጣሪ እጅህን ከእሳት፣ እግርህን ከገደል ይጠብቅልኝ። ብትመጣ ደስታዬ ነው፤ አልጋው ላይ የምታገኘው ግን እኔን ብቻ መሆኑን አውቀህ ና።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያለፈው ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ከሁለታችን» ብዬ ፈርሜልህ ነበር። እሱን እናትህ አላስጻፉኝም፣ ሴቶቹም አላስጻፉኝም። ያኔ ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ እያወቅሁ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ይቅር በለኝ።

ይሄኛው ከአንዷ ነው።

ሚስትህ