ለራሴ ለቅሶ የወጣሁ ዕለት

ላስታ ላሊበላ
ጥር 23 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋኑ አረጋ፣

በቁሜ ገደልኸኝ። ሐኪም ፊት ቆመህ «አባትህ አለ ወይ?» ስትባል «ሞቷል» አልህ። ሰላምታ ከበደል አይቀድምምና እሱን ከታች ታገኘዋለህ። ደብዳቤውን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ይህን ጉድ ለጸሐፊ አፍ አልሰጥም። ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጬ ከሌሎች ልጆች አፍ ስለቅም ለእንዲህ ያለ ነገር ይውላል ብዬ አልነበረም።

ማን ነገረህ እንዳትለኝ። ያን ዕለት ክንድህን ጠምጥሞ የደም ግፊትህን የለካህ ድሬሰር ወልደ ሰንበት የብልባላ ልጅ ነው። አንተ አላወቅኸውም። እሱ ግን ላሊበላ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ ይጠብቅ የነበረው የአረጋ ልጅ ነኝ ስትል ሰማ፤ ሞቷል ስትልም ሰማ። አዘነልህ። ለጥምቀት አገሩ ሲገባ ለአጎትህ ለከፋለ ነገረው። ከፋለ ከመስከረም ወዲህ ዐይኔን አላየምና አመነ። የእኅቱ ባል ሲሞት ሳይነገረው መቅረቱ ደግሞ አንገበገበው።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ከወደ ላይ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤት ሞቷል ብዬ ኩታዬን እንደ ሐዘንተኛ ለብሼ፣ ዘንጌን ይዤ ወጣሁ። የብልባላ ሰው ተሰልፎ ይወርዳል። ከፋለ ከፊት ሆኖ ደረቱን ይደቃል። ለቀስተኛ ነውና እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀላቀልሁ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ጠጋ ብዬ፣

«ማን ሞቶ ነው ከፋለ?» አልሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ!» አለ።

«እኔማ ይኸው አለሁ።»

«ታዲያ አለሁ አትልም ነበር? ይህን ሁሉ ቁልቁለት ስታስለቅሰኝ! ድምፄ ተዘጋ እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ፣ «አያ አረጋ፣ እንኳን ተመለሱ! የገበሬ ማኅበሩ መሬትዎን ሊያከፋፍለው ነበር» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። እናትህ ሸጌ ከጓሮ ወጥታ፣ «ምን ጉድ ነው ከፋለ? ማን ነው ሞቱ ያለ?» አለችው።

ከፋለ መሬት መሬት አየ። «ልጁ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ይዘውት የመጡትን ንፍሮ ግን መመለስ ነውር ነውና ቁጭ ብዬ በላሁ። የራሴን ለቅሶ ንፍሮ የበላሁ ሰው ነኝ። እናትህ አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።

ወልደ ሰንበትም አብሮ መጥቶ ኖሮ ከሰው ኋላ ተደብቋል። ጠርቼ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ምን ብሎ እንደጠየቀህ ንገረኝ አልሁት። እያፈረ ነገረኝ። ሐኪሙ ወላጆችህን ያነሣው «ሰውን ድንገት የሚጥል በሽታ ያለበት ዘመድ አለህ?» ለማለት ነው። አለ ያለ ሰው ሌላ ሐኪም ዘንድ ይላካል፤ ጭንቅላቱ በመመርመሪያ መኪና ይታያል፤ ዋጋውም የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። የአየር መንገድ ሰው ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል። እንደ አንተ ለግሉ አውሮፕላን ሊያበር የሚማር ግን ከኪሱ ነው። አስተማሪህ ሞተር ስለምታጥብለት በነፃ ያስተምርሃል፤ ሐኪሙን ግን አይከፍልልህም። ይህን መስከረም ላይ ራስህ ጽፈህልኛል። ደመወዝህንም አውቃለሁ። ስለዚህ «ሞቷል» አልህ። «በምን?» ሲልህ «ከገደል ወድቆ» አልህ። የዚያ ምርመራ ዋጋ እኔ ሆንሁ ማለት ነው። ርካሽ አገኘኸኝ።

ያ ነገር በዚህ ቤት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም፤ አሁንም አልጠራውም። አንተ ግን ዐውድማ ላይ ወድቄ ያየኸኝ ጊዜ አለ። ያልሰማኸውን ልንገርህ። ኅዳር ላይ ሜዳው ላይ ቆሜ አውሮፕላኑን ስጠብቅ መጣብኝ። ስነቃ አፌ አፈር ሞልቷል። ከብቱ ሜዳውን አልብሶታል፣ አውሮፕላኑ ከላይ ይዞራል፣ መውረጃ አጥቷል። ያገር ሰው ሮጦ ከብቱን ነዳ። በውስጡ ስንት ነፍስ እንደነበረ አልጠየቅሁም። በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ ሥራውን ለሌላ ሰው አስረከብሁ። «የነበረ» ያልኸው በዚህስ እውነት ነው።

በቅሎዬም ላይ ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥሁም። ቆማ ገለባ ትበላለች። ትናንት ገበያ አወጣኋት። ነጋዴው ሀሰን ጥርሷን አይቶ፣ «አያ አረጋ፣ ገና ወጣት እኮ ናት! ይህችን የመሰለች በቅሎ ምን በደለችዎ?» አለኝ።

«ከፍታዋ» አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ለአንተ ብዬ የሸጥኋት እንዳይመስልህ። በቅሎዋ አርጅታ ነበር። ገንዘቡን ወልደ ሰንበት ይሰጥሃል። ከእሱ ጋር ሂድና፣ ሞቷል ባልህበት አፍህ «አባቴ አለ፣ ያ በሽታም አለበት» በል። ሐኪሙ ቢቆጣ ቁጣውን ቻል። መኪናውም ጭንቅላትህን ይይ። ንጹሕ ነህ ካለህ ብረር፤ ከላይ ሆነህ ብታየኝም እጄን አላወዛውዝም፤ የሰው አውሮፕላን ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አይሆንም ካለህ ሞተር መፍታትና መግጠም ታውቃለህ፤ እሱም እንጀራ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ይነሣል፤ እኔ ስንቴ ተነሥቻለሁ። ከላይ የወደቀ ሲነሣ ግን አላየሁም።

ይህ ምርመራ በየጊዜው ይታደሳል አሉኝ። የሚቀጥለውን ራስህ ክፈል። ሁለተኛ በቅሎ የለኝም፤ ሁለተኛ አባትም የለህም።

እናትህ «አልተቆጣሁህም ብለው ይጻፉለት፣ አንቱ ሰው» ትለኛለች። ጽፌያለሁ። ያስቀመጠችልህን በሶም ወልደ ሰንበት ይዞታል። ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላምታው ይኸው ነው። አሸተን ማርያም መሬት ላይም ከመሬት በላይም አትለይህ። እጅህን ከብረት፣ ጭንቅላትህን ከክፉ ትጠብቅልህ።

ውጤቱን ጻፍልኝ፤ ከዚያ ሌላ አትጻፍ። ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ ሽማግሌም አትላክብኝ። ለፋሲካ ብትመጣ በሩ ክፍት ነው፤ አፌ ግን በዚህ ነገር ተዘግቷል። ለቅሶዬ ተለቅሷል፣ ንፍሮዬም ተበልቷል። ዳግመኛ አላነሣውም።

በሕይወት ያለው አባትህ
አረጋ ውዱ