በሰው እጅ የላክሁልሽ መቀስ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ላይ ያስቆምሻል? ዓይንሽስ? መነጽርሽን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽ "አይታየኝም" ማለትሽን እንዳልተውሽ አውቃለሁ። እኛ ቤት ናፍቆትሽ እንዳለ ነው፤ የጤናዬን ነገር ግን ዛሬ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ወር የአባታችንን መቀስ በጨርቅ ጠቅልዬ በሰው እጅ ስልክልሽ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?" ሳትዪ አልቀረሽም። አትቆጪኝ እንጂ ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የአንጀቴን ካንሰር አውጥተው፣ መድኃኒቱንም ጨርሼ ደህና ነህ እንዳሉኝ ታውቂያለሽ። በቅርቡ ለክትትል ስሄድ ጉበቴ ላይ እብጠት ታየ። እኔ ደግሞ የድሮው ተመልሶ ተሰራጨ፣ በቃ አለቀልኝ ብዬ ደመደምኩ። የደንበኞቼን ልብስ ጨርሼ አስረከብኩ፤ አዲስ ሥራ አልቀበልም አልኩ፤ መቀሱንም ለታላቅ ይገባል ብዬ ላንቺ ላክሁት። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳትለካ መቁረጥ ከየት ለመድክ ብላ አፋጠጠችኝ።

ደግነቱ ሐኪሟ እንደኔ ችኩል አይደለችም፤ ናሙና ሳልወስድ ምንም አልልም ብላ ድርቅ አለች። ውጤቱ ሲመጣ የአንጀቱ አልሆነም። ከጉበቱ ከራሱ የተነሳ፣ እሷም በሥራ ዘመኗ ሁለቴ ብቻ ያየችው ሌላ ዓይነት ካንሰር ነው። "ታዲያ ይሄ ምኑ ደስ ይላል?" ትዪኝ ይሆናል። አንድ ቦታ ብቻ ስላለ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ። ትድናለህ ብሎ የማለልኝ ግን የለም።

ቀዶ ጥገናው የፊታችን ሐሙስ ነው። እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ባለፈው ወር ግን ተስፋ ቆርጬ መፍራቱንም ትቼው ነበር።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የልጅ ልጅሽን የድምቡሼን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ለአክስታችን ሰላም በያት እንጂ ሕመሜን እንዳትነግሪያት፤ ሰፈሩን በሙሉ ታስለቅሳለች። ባለቤቴም ልጆቹም እጅ ይነሳሉ።

ትናንት ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ኮት አዘዘኝ። ከሁለት ወር በኋላ መጥተህ ውሰድ ብዬ ቀጥሬዋለሁ። ልኩን ወስጄ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ በሌላ መቀስ ልቆርጠው ብሞክር እጄ አልታዘዝ አለኝ። እባክሽ እህቴ፣ የአባታችንን መቀስ መልሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት ቤቴ፣ ጥር 12 ቀን