ሲሚንቶውን የፋቁት ግንበኛ፣ አቶ ኢድዋል ፕሮሰር

አቶ ኢድዋል ፕሮሰር ከአባታቸው ከግንበኛው ከአቶ ሃይዌል ፕሮሰርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬሪድወን ሞርጋን በዌልስ፣ በትረዌርን መንደር እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ተምረው መዶሻ ጨበጡ።

በ1961 የመንደሩን የምጽዋት ቤቶች የማደስ ሥራ ተረከቡ። ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ስድስት ቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱ በርና ረጅም የጭስ መውጫ አለው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሮጌ ኖራ ተፈርፍሮ ስለነበር፣ የጊዜው ሰው ሁሉ እንዳደረገው በሲሚንቶ ደፈኑት። ተመሰገኑም። በ1964 ወይዘሮ ኔስታ ሎይድን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1979 በአንደኛው ቤት ይኖሩ የነበሩት አሮጊት፣ ወይዘሮ ማርጌድ፣ «ኢድዋል ልጄ፣ ግድግዳው ያልበዋል፤ እኔን ደግሞ ያስለኛል» ቢሏቸው፣ «ዝናቡ ነው እማማ፤ ዌልስ እኮ ነን» ብለው ሳቁ። በዚያው የብርድ ወራት ወይዘሮ ማርጌድ በሳንባ ምች አረፉ። አቶ ኢድዋል ግንቡን በመሮ ቢከፍቱት ድንጋዩ ውኃ ጠጥቶ በስብሷል። ኖራ ግንብን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል። ይህን አባታቸው ነግረዋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሚባል ዕረፍት በቤታቸው አልነበረም። ድንጋዩ እንዳይጎዳ ሲሚንቶው ቀስ እየተባለ ይፋቃል፤ አዲሱ ኖራ ደግሞ ውርጭ አይችልም፤ በዓመት የሚሠራው አምስት ወር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤት ሰባት ስምንት ዓመት ፈጀ። ሚስታቸውንም፣ ልጆቻቸውንም ታከታቸው። እውነቱን ለመናገር እርሳቸውንም ታክቷቸው ነበር።

ባለቤታቸው በ2009 ካረፉ በኋላ ራሳቸው በስድስተኛው ቤት ተጧሪ ሆነው ገቡ። ታላቋ ልጃቸው ሎውሪ ሳላቸውን ሰምታ፣ «አባዬ፣ የራስህን ብታስቀድም ምን አለበት?» ብትላቸው፣ «የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ አይደሉም» አሏት።

አምስተኛውን ቤት በ2018 መስከረም ጨረሱ። በተከታዩ ዓመት የካቲት 11 ቀን በሳንባ ሕመም፣ በሰማንያ ዓመታቸው አረፉ። የእርሳቸው ቤት ግድግዳ እንደተደፈነ ነው።

ዛሬ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ሳይስሉ የሚያድሩ አምስት ጎረቤቶቻቸው ይሸኟቸዋል። ብዙ ደክመዋል። ነፍሳቸውን የሚቀበል አምላክ ሥራ አይስጣቸው፤ ዝም ብለው ይቀመጡ።