የአንድ ግንብ ሁለት ዋጋ

ጥቅምት 4

...ከዚያ የሒሳብ ቲቸራችን ደብተሬን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «መልሱ ልክ ነው። አሠራሩ የታለ?» አሉኝ። ምን ብዬ መለስኩ? ረሳሁት። መልሱን ከጎኔ ከተቀመጠው ልጅ ነበር የገለበጥኩት።

ዛሬ የእኚሁን ቲቸር አጥር አጠብኩ። ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሠላሳ ሜትር ግንብ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ በሻጋታ አረንጓዴ የሆነ። «ሦስት ሺህ» አልኩ። እስኪከራከሩኝ ጠበቅሁ። «አንተ ካልክ» ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ።

ቦርሳቸውን ሲከፍቱ «ይቀንሳል» እንዳልል ምን አፌን ያዘኝ?

ጥቅምት 6

የግንቡ ወዲያኛው ገጽ የጎረቤታቸው ነው፤ የባለሱቁ። የእኔም ይታጠብ አለ። «ሦስት ሺህ።» «ሰውዬ፣ በውሃ ነው በሽቶ የምታጥበው?» ሦስት ጊዜ ሸኘኝ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ ጠራኝ። በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ተስማማን።

ያዋጣል። የሚያናድደኝ እሱ ነው... በዚህም ዋጋ ያዋጣል።

ጥቅምት 7

የግንብ ማጠቢያ ማሽኑ የሚስቴ ወንድም ንብረት ነው፣ ጉልበቱ የኔ። ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ። «መጀመሪያ የክርክሩን ጨምርበት» ይላል። እኛ እንጨምራለን፣ ሰው ያስቀንሳል፣ መሀል ላይ እንገናኛለን።

«ያልተከራከረስ?»

«እሱማ ለእኛ ምርቃት ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ጥቅምት 9

ቲቸር ደወሉ። «ለጎረቤቴ በስንት ሠራህለት?» ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ።» ዘጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 11

ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም አንድ ዋጋ። ሜትር ይዤ ወጣሁ። አንዱ የጋራዥ ባለቤት ግቢውን አስለካኝ።

«መጨረሻው ስንት ነው?»

«ያልኩህ ነው።»

«እሱ መጀመሪያው ነው፤ መጨረሻውን ንገረኝ።»

«መጀመሪያውም መጨረሻውም ያው ነው።»

«ኧረ ተው! ለወግ እንኳን ትንሽ ቀንስ እንጂ!»

አልቀነስኩም። ሄደ። ዋጋው ተወዶበት አይመስለኝም። ያስቀነሰው ነገር ስለሌለ ነው... የተበላ መሰለው። እውነቱን ብነግረውም ውሸታም እኔ ሆንኩ።

ጥቅምት 12

ዛሬም ማንም አልጠራኝም።

ጥቅምት 14

የሚስቴ ወንድም ሳይቀመጥ ተናገረ። «ጻድቅ መሆን ከፈለግህ በራስህ ማሽን ሁን።» እህቱ፣ ሚስቴ፣ ድስቱን ስታማስል ቀና አላለችም። ግን እሷም እኮ አስፋልት ዳር ቲማቲም ስትገዛ ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ልክ የሆነው ዋጋ የቱ ነው? የሰዓቱ? የሜትሩ? ወይስ ሰው ሳይናደድ የሚከፍለው? ሦስቱንም ወረቀት ላይ አወጣሁ። ሦስቱም ተለያዩ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጥቅምት 16

ጠዋት የሚስቴ ወንድም ማሽኑን ወሰደ። የውሃ ጎማው ሳይቀር። ወለሉ ላይ ክብ የእርጥበት ምልክት ብቻ ቀረ።

የሁለቱን ዋጋ ልዩነት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶውን፣ በፖስታ አድርጌ ቲቸር ጋ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ገና በሩን ሳልነካ «ግባ፣ ግባ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ደፍ ላይ ቆሙ። ብሩን ቆጠሩት። ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ።

«ለጎረቤቴ ስድስት ሰዓት ሠራህ። ማሽኑ ሲጮህ እሰማ ነበር። ለእኔ ስምንት፤ ሻጋታው አስቸግሮህ።»

«አዎ፣ ግን...»

«ስድስት ሰዓት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ከሆነ፣ ሰዓቱ ሦስት መቶ። በስምንት?»

እንደ ተማሪ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«በስምንት?»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ።»

የእሳቸውን ስድስት መቶ አስቀርተው የቀረውን ስድስት መቶ መለሱልኝ።

«ቲቸር፣ ሁሉንም ይውሰዱት እንጂ፣ በእናትዎ!»

«የደከምክበትን ምን ብዬ እወስዳለሁ?»

ፖስታው ጀርባ ላይ ስሌቱን ጻፉ፤ መስመር በመስመር፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ሰጡኝ። «አሠራሩ ይኸው።»

«ቲቸር...» አልኩ።

በሩ ተዘጋ።