ፀሐይ አይምታው

መጋቢት 28

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የቴሌቪዥናችን ሪሞት ፕላስቲክ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቀደደ። ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራንና ወጥ የነካ ጣትን በጽናት ሲመክት የኖረ ነው። ባለቤቴ አሚራ ምትኩን ሳትገዛ አልዋለችም። በዚህ ቤት ሪሞቱን ራሱን የነካ ሰው የለም... ቁጥሮቹን በግምት ነው የምንጫናቸው።

ቢሮ ማስታወቂያ መጻፍ ነው ሥራዬ። ቋንቋው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይወጣል። ምን ላድርግ?

ሚያዝያ 3

ነስረዲን ከቡታጅራ ማዶ፣ ከአክስቴ ነጅማ መንደር ተመለሰ። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሶላር የሚሸጥ አብሮ አደጌ ነው። የገዛሁላቸውን ፓኔል ቆርቆሮው ላይ ሰቅሎ፣ ፓምፑን ጉድጓዳቸው ውስጥ አውርዶ መጣ።

"ውሃው ሲወጣ መረቁኝ። አንተን ስምህን አላነሱም።"

ቀናሁ።

አክስቴ የበርበሬ ችግኝ አፍልተው ለጎረቤት ይሸጣሉ። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ወገባቸው ግን ውሃ በገመድ መሳብ ይብቃኝ ብሏል። ዘንድሮ ካልሆነላቸው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የሰው እጅ ሊያዩ...

ደወልኩ። አደራ አልኩ። "አቧራ አይንካው፣ ዶሮ አይውጣበት፣ ፀሐይ አይምታው።" እንደ ዕቃ አዋቂ።

"እሺ ልጄ" አሉ።

ሚያዝያ 7

አክስቴ ደወሉ። ውሃ የለም አሉ።

ሚያዝያ 9

ዛሬም የለም። "ችግኙ አንገቱን ደፋ" አሉኝ። የእሳቸውም ድምፅ አንገቱን ደፍቷል።

ነስረዲን "የዛፍ ጥላ አርፎበት እንደሆነ ጠይቃቸው" አለ። ጠየቅኩ። ዛፍ የለም።

ከጥልቅ ጥናት በኋላ የደረስኩበት፦ የአክስቴ መንደር ፀሐይ አቅም ያንሳታል። ለነስረዲን አስታወቅሁት።

"ጀለሴ፣ ፀሐይ አንድ ናት። ሂድና እይ።"

ሚያዝያ 11

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ከመንገዱ ጀምሮ ታየኝ። ፓኔሉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከረጢቱ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ አራቱም ጫፍ በሽቦ የታሰረ። ሶፋችን ላይ ያለው ዳንቴል ታላቅ ወንድም።

"አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አደራህ ነዋ። ፀሐይ አይምታው አላልክም?"

"ነስረዲን በፀሐይ ነው የሚሠራው አላለዎትም?"

"ብሏል። አንተ ደግሞ አይምታው አልክ። ነጋዴ ልስማ ወይስ የወንድሜን ልጅ?"

መሰላል ላይ ወጣሁ። ዳንቴሉን በክብር አወረድኩ። ቱቦው አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ከዚያ...

መጣ።

ከስምንቱ መደብ ችግኝ ሦስቱ ሙሉ በሙሉ ደርቀዋል። አምስቱ ገና አረንጓዴ ናቸው። ማታ ቀና ማለት ጀመሩ። ሦስቱን ግን ዞሬ ማየት አቃተኝ።

"ከተማ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?" አሉ አክስቴ፣ እግራቸውን በውሃው እየታጠቡ።

ሰኔ 2

አክስቴ ደወሉ። አምስቱም መደብ ተሸጦ አልቋል፤ ገዢ ከአጥር ውጭ ተሰልፎ ነበር። ደግሞ ሲበጋ ጎመን ሊያስከትሉ ነው።

"ያ መሬቱን ለእኩል የሚፈልገው ሰውዬ መጥቶ ነበር" አሉ።

"ምን አሉት?"

"ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት።"

እዚህም ለውጥ አለ። የሪሞቱን አዲስ ፕላስቲክ ገፈፍኩት። አሚራ ሁለት ቀን አኮረፈች። ዛሬ አንስታ አገላብጣ አየችው። "ለካ ቁጥሩ ቀለም ነበረው" አለች።

ማረሚያ፦ በሚያዝያ 9 ቀን የአክስቴ መንደር ፀሐይ አቅም እንደሚያንሳት የተገለጸው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ፀሐይዋ በተጠቀሱት ቀናት ሁሉ ሳታረፍድ በሥራ ገበታዋ ላይ ነበረች። እንዳትሠራ የከለከላት የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ነው።